ሥዕሉ ሳይደርቅ አዳራሽ አትያዙ

በዘይት ቀለም የሚሥል ሰው ሥራዬን ለሕዝብ ላሳይ ብሎ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሮጠው አዳራሽ ፍለጋ ነው። ቀን ይቆረጣል፣ የመጥሪያ ወረቀት ይታተማል፣ የጎደሉት ሥዕሎች ከዚያ በኋላ ሌት ተቀን ይሠራሉ። መክፈቻው ሲቃረብ ላያቸው የደረቀ፣ ውስጣቸው ግን ያልጠና ሥዕሎች ከሱሉልታ ወይም ከለገጣፎ ተጭነው ወደ መሀል ከተማ ይወርዳሉ። ላስቲክ ይጣበቅባቸዋል፣ እርስ በርስ ይፋቃሉ፣ አዳራሹ ውስጥ ደግሞ የእንግዳ ልብስ ያበላሻሉ። በከተማው ዳርቻ ተቀምጬ ይህን ሥራ ስለኖርኩት፣ ገና ለምትጀምሩት ከሁሉ በፊት የምነግራችሁ ይህን ነው፦ የኤግዚቢሽኑን ቀን የሚቆርጠው ዘይቱ ነው።

የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ቀለም በመትነን አይደርቅም። የተልባው ዘይት ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ለዚህ ብርሃን፣ መጠነኛ ሙቀትና የሚንቀሳቀስ አየር ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፤ ከእንጦጦ ጀርባ ያለው አገር ከዚያም ይብሳል። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ክረምት ደግሞ አየሩ ውሃ የጠገበ ነው። በክረምት ቀለም በበጋው ፍጥነት ይደርቃል ብላችሁ አትጠብቁ። ቀለሞቹም ራሳቸው እኩል አይደሉም። አምበር የተባለው ቡናማ የአፈር ቀለም በውስጡ ማንጋኒዝ ስላለው በአንድና በሁለት ቀን ይይዛል። ቲታኒየም ነጭ፣ ካድሚየም ቀይና አይቮሪ ጥቁር ግን ሳምንትም ከዚያም በላይ ይወስዳሉ። በፓሌት ናይፍ (በቀለም ቢላ) በወፍራሙ የተለጠፈ ነጭ እንደ ወተት ስልባቦት ላዩ ብቻ ይሸፈንና ውስጡ ለወራት ለስላሳ ሆኖ ይቆያል።

ስለዚህ ከመክፈቻው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። እኔ የጥርን ሁለተኛ አጋማሽ እመርጣለሁ። ገናና ጥምቀት አልፈው ሰው ከወጪውም ከድካሙም ትንሽ አርፏል፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ መንገዱም ጭቃ የለውም። ለዚያ ለመድረስ ሸራዎቹ በግንቦት ይወጠራሉ፣ ስሱ የመጀመሪያ ንብርብር በሰኔና በሐምሌ ይቀባል፣ ዋናው ሥራ በነሐሴ ይካሄዳል፣ የመጨረሻው ወፍራም እጅ ደግሞ በመስከረም ማለቂያ ይዘጋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ አየር ለማድረቂያ ይቀራል። በነዚያ ወራት ውስጥ የውጭ ፍሬም ማሠራት፣ ፎቶ ማንሣት፣ ዋጋ መወሰን፣ አዳራሽ መነጋገር ይቻላል። ቀለም መጨመር ግን አይቻልም። ይህን ማክበር ከሁሉ ይከብዳል፤ ምክንያቱም በታኅሣሥ አንድ ጥግ ዓይን መቆርቆሩ አይቀርም።

ወደ ሸራው ልመለስ። ብዙ ሥዕል የሚበላሸው እዚህ ነው፣ ጉዳቱ የሚታየው ግን ከዓመት በኋላ ነው። ሸራው ለሚወጠርበት ፍሬም የሚሆን ሞራሌ ስትገዙ እርጥብ ባሕር ዛፍ አትውሰዱ። እየደረቀ ሲሄድ ይጣመምና ሥዕሉ ግድግዳ ላይ በአንድ ማዕዘኑ ብድግ ይላል። ቢያንስ አንድ በጋ ጥላ ውስጥ የከረመ እንጨት ጠይቁ፤ ዓይናችሁን ከጫፉ ላይ አድርጋችሁ ቀጥ ማለቱን እዩ። አናጺው የውስጥ ጠርዙን ወደ ኋላ ሰያፍ አድርጎ እንዲልገው ንገሩት። ጠርዙ ሸራውን ከነካ የፍሬሙ መስመር ከጊዜ በኋላ በሥዕሉ ፊት ላይ ይወጣል፤ ያንን ደግሞ ምንም አያጠፋውም። ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ጎን ካለው መሀሉ ላይ ማገር ይግባበት። ከመወጠራችሁ በፊት ሁለቱን ሰያፍ ርቀቶች ለኩ፤ እኩል ካልሆኑ ፍሬሙ ዘሟል ማለት ነው።

ጨርቁን በተመለከተ ከተልባ ግንድ ክር የሚሠራው ሊነን እዚህ ውድ ነው፣ በቀላሉም አይገኝም። ጥሩ ጥጥ ይበቃል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን በጥጥ ጨርቅ ላይ ሥለው ግድግዳ ላይ የለጠፏቸው ሥራዎች ስንት ዘመን ቆይተዋል። ተራ አቡጄዲ ግን ለትልቅ ሥዕል ይሳሳል፤ መርካቶ ወፍራሙን ጥጥ ሸራ ፈልጉ፣ በካሬ ሜትር ከ300 እስከ 400 ግራም የሚመዝነውን። ምንም ጨርቅ ቢሆን የፋብሪካ ስታርች ስላለበት በሙቅ ውሃ አጥባችሁ አድርቁት፤ ስታርቹ ካልወጣ ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መሠረት አይነክስለትም። በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተዉ። ከአራቱም ጎን መሀል ጀምራችሁ፣ ሁልጊዜ ፊት ለፊት ያለውን ጎን እየተከተላችሁ፣ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ በስቴፕለር እየመታችሁ ወደ ማዕዘን ሂዱ። ከአንድ ማዕዘን ተጀምሮ ዙሪያውን የተወጠረ ሸራ ሰያፍ ሽብሽብ ይይዛል።

ለመሠረቱ አክሪሊክ ጌሶ፣ ማለትም ለሥዕል ሸራ የተዘጋጀውን ነጭ ቅብ፣ ተጠቀሙ። ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የሚሸጠው የኮርኒስ ጄሶ ለዚህ አይሆንም፤ ተጣጣፊነት ስለሌለው ሸራው ሲነካ ይሰነጠቃል። ርካሽ የግድግዳ ቀለምም ከጊዜ ጋር ይፈረፈራል። የመጀመሪያውን እጅ በአምስተኛው ያህል ውሃ አቅጥናችሁ ወደ ጨርቁ እሹት፤ ቀሪዎቹን ሁለት እጆች ሳታቀጥኑ፣ አንዱን በቁም ሌላውን በአግድም ቀቡ። በየመሀሉ ቁጥር 220 ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ አሹበት። ከመጨረሻው እጅ በኋላ ሦስት ቀን ጠብቁ። የተጣደፈ መሠረት ዘይቱን ይመጠዋል፣ ሥዕሉም እዚህም እዚያም ወዙን አጥቶ ይደበዝዛል።

ስለ ብርሃን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የአውሮፓ መጻሕፍት የስቱዲዮ መስኮት ወደ ሰሜን ይሁን ይላሉ፣ እነሱ ጋ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለማትመጣ። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በሰሜን መስኮት ቀጥታ ጨረር የሚገባው በዚያ ጊዜ ነው። በቀረው ዓመት ደግሞ በደቡብ በኩል ናት። ሁለት መስኮት ያለው ክፍል ካገኛችሁ እንደ ወቅቱ አንዱን በነጭ ስስ መጋረጃ ሸፍኑ። የጎረቤት ቆርቆሮንም አትርሱ። ፊት ለፊታችሁ አረንጓዴ ወይም ቀይ ቀለም የተቀባ ጣሪያ ካለ ነጸብራቁ ሸራችሁ ላይ ያርፋል፤ እናንተም ሳታውቁት እሱን ለማስተካከል ተቃራኒውን ቀለም ትጨምራላችሁ። ሥዕሉ ሌላ ቦታ ሲሰቀል ያ የተጨመረው ቀለም ብቻውን ይቀራል። ማታ ለምትሠሩ 5000 ኬልቪን (የብርሃኑ ቀለም መለኪያ)፣ ሲአርአይ (ቀለማትን በትክክል የማሳየት መለኪያ) 90 እና ከዚያ በላይ የሚል አምፖል ፈልጉ። ብዙ አዳራሾች ቢጫ፣ 3000 ኬልቪን ገደማ ብርሃን ስለሚጠቀሙ ሥዕሉን ከማጠናቀቃችሁ በፊት በእንዲህ ያለ አምፖል ሥርም እዩት። ሰማያዊውና ሐምራዊው ከሞተ እዚያም ይሞታል።

ቀለም መደረብ ላይ ሕጉ አንድ ነው፤ ስሱ ከታች፣ ቅባታሙ ከላይ። የመጀመሪያው ንብርብር አምበር ወይም ኦከር (ቢጫው የአፈር ቀለም) ሆኖ በማቅጠኛ ብቻ ይቅጠን። ሁለተኛው ቀለሙ ከቱቦው እንደወጣ፣ ወይም አንድ እጅ ተልባ ዘይት በሁለት እጅ ማቅጠኛ ተበጥብጦ ጥቂት ጠብታ ብቻ። የመጨረሻው ላይ ዘይቱና ማቅጠኛው እኩል ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም የተጨመረው ድብልቅ ከቀለሙ አምስተኛ አይለፍ። ይህ ሲገለበጥ ላዩ ቀድሞ ይጠነክርና ሥሩ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። በአምበር የተሠራ መሠረት በክረምቱም ይደርቅላችኋል፤ ለዚህ ነው በሰኔ የምጀምረው።

ገንዘብ ለመቆጠብ ብላችሁ የኑግ ወይም የወጥ ቤት ሱፍ ዘይት አትጨምሩ። በደንብ ስለማይጠነክሩ ለወራት የሚጣበቅ ላዩ አቧራ የሚሰበስብ ሥዕል ይሰጧችኋል። ለምግብ የተጨመቀ የተልባ ዘይትም ሙጫ መሰል ዝቃጭ ስላለበት ሳይጣራ አይሆንም። የተጣራው፣ ለሥዕል ተብሎ የሚሸጠው ትንሽ ጠርሙስ ረጅም ጊዜ ያገለግላል። ከቀለም መደብር የምትገዙት ማቅጠኛ አኳራጅ ወይም ተርፔንታይን ይሁን፤ የመኪና ቀለም ቲነር ግን የአክሪሊኩን መሠረት ሊያሟሟ ይችላል፣ ሽታውም ጭንቅላት ያዞራል። ቀለም ስትመርጡ በቱቦው ጀርባ ያለውን የብርሃን መቋቋሚያ ምልክት ተመልከቱ። በዚህ ከፍታ ፀሐይ ጠንካራ ናት፤ የድሮው አሊዛሪን ቀይ መስኮት አጠገብ በተሰቀለ ሥዕል ላይ ይከስማል። በእሱ ፋንታ ኩዊናክሪዶን ቀይ ውሰዱ።

እባካችሁ ይህን ደግሞ በጥንቃቄ አንብቡልኝ። ተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ እየጠነከረ ሲሄድ የሚያወጣው ሙቀት መሀሉ ላይ ይከማችና ያለ ክብሪት ራሱን ያቀጣጥላል። የምትሠሩት በኮንዶሚኒየም አንድ ክፍል ከሆነ አደጋው የእናንተ ብቻ አይደለም። ጨርቁን ውጭ አንድ በአንድ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ባለበት ክዳናም ጣሳ ውስጥ ንከሩት። ማቅጠኛ በተከፈተበት ክፍል ከሰል አይነድም፣ ሰውም አይተኛበትም። በብርዱ ምክንያት መስኮት ተዘግቶ የሚሠራበት ወቅት ስላለ፣ ብሩሽ ማጠቢያውን ጠርሙስ በተጠቀማችሁ ቁጥር ክደኑ።

በማድረቂያው ወራት የዳርቻው ሰፈር ጠላት አቧራ ነው። ግንባታና ያልተነጠፈ መንገድ ባለበት ሰፈር ሥዕሉን ወደ ግድግዳ ትንሽ አዘንብላችሁ፣ ከላዩ ሳይነካው ላስቲክ እንደ ድንኳን ወጥሩለት። ጨለማ ውስጥ ግን አትቆልፉበት፤ የተልባ ዘይት በጨለማ ሲደርቅ ይበልጥ ቢጫ ይሆናል። ደመቅ ያለ፣ ቀጥታ ፀሐይ የማይመታው ክፍል ይበቃዋል። መድረቁን ለማወቅ በጣም ወፍራሙን ቦታ በጥፍራችሁ ቀስ ብላችሁ ተጫኑት። ምልክት ከያዘ ለጉዞ ዝግጁ አይደለም። የደበዘዙ ቦታዎች ካሉ አንድ ጠብታ ዘይት በብዙ ማቅጠኛ አቅጥናችሁ ቀቡና ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፤ ቀለሙ ይመለሳል።

ለሕዝብ ከማሳየት በፊት ለጥቂት ሰዎች አሳዩ። ሙያ የሚያውቅ አንድ ሰው፣ ጨርሶ ሥዕል የማያይ አንድ ጎረቤት። «ቆንጆ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ባህላችን ጨዋ ስለሆነ መልሱ «በጣም!» ነው። «ዓይንዎ መጀመሪያ የት አረፈ? ከዚያስ ወዴት ሄደ?» በሉ። ሦስት ሰው ሳይነጋገሩ አንድ ቦታ ላይ ከተደናቀፉ ያ ቦታ ችግር አለበት። ይህን ምክር ግን በመስከረም ውሰዱት፤ በታኅሣሥ ከሆነ ማስተካከል አትችሉም።

የሥዕሎቹን ብዛት ግድግዳው ይወስነው። 12 ሜትር ግድግዳ ላይ 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 9 ሥዕሎች በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሲሰቀሉ 11 ሜትር ከ20 ይይዛሉ፤ በየጫፉ 40 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል። አሥረኛው ይግባ ማለት ዘጠኙን ማነቅ ነው። ደካማውን ሥራ ማውጣት ያማል፣ ነገር ግን ተመልካች የሚመዝናችሁ በእሱ ነው። የሥዕሉ ወገብ ከወለል 150 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይዋል። ማንጠልጠያ ቀለበቶቹን ከላይ ወደ ታች ሲሶው ላይ እሰሩ። ትልቅ ሥራ በሁለት ሚስማር ይሰቀል፣ ያለዚያ በር በተዘጋ ቁጥር ይጋደማል። አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ አካባቢ ያሉትን ብሔራዊ ሙዚየምና የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ሄዳችሁ አሰቃቀሉን ብቻ ለማየት አንድ ከሰዓት ስጡ።

ለማጓጓዝ የአረፋ ላስቲክ በቀጥታ ሥዕሉ ላይ አታድርጉ። በፀሐይ ሲሞቅ ክብ ክብ ምልክት ያትማል። መጀመሪያ የማይጣበቅ የመጋገሪያ ወረቀት፣ ከዚያ ካርቶን። ማዕዘኖቹ ላይ ስፖንጅ አስራችሁ ሁለት ሁለቱን ፊት ለፊት አድርጉ፤ ስፖንጁ ፊታቸው እንዳይነካካ ያራርቃቸዋል። ሸራው በምንም ነገር ከኋላ አይደገፍ፣ የክርን ጫና እንኳ ከጊዜ በኋላ እንደ ሸረሪት ድር የሚሰነጠቅ ክብ ይተዋል። በአይሱዙ ወይም በፒክአፕ ሲጫን ይቁም እንጂ አይተኛ።

አዳራሽ ካልተገኘ ወይም ካልተስማማችሁ የራሳችሁን በር ክፈቱ። ዳርቻ መኖር እዚህ ላይ ጥቅም አለው፤ ሰው ቅዳሜ ከከተማ ወጣ ማለት ይወዳል። ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ጥሩ ነው፤ ሳይመሽ ይመለሳሉ። የመንገድ ስም በማይታወቅበት ሰፈር «ከአደባባዩ ቀጥሎ በግራ» አይበቃም፤ የካርታ ነጥቡን በስልክ ላኩ፣ ከዋናው አስፋልት መታጠፊያ ላይ ሰው ወይም ምልክት አቁሙ። ቡና ይፈላ፤ ጀበናው ግን ሥዕሎቹ ካሉበት ክፍል ውጭ ይሁን፤ የከሰሉና የዕጣኑ ጭስ ገና ያልጠነከረ ቀለም ላይ ያርፋል።

ዋጋ ላይ አንድ መለኪያ ያዙ። ቁመቱን ከስፋቱ ደምራችሁ በሴንቲ ሜትር በተወሰነ ብር አባዙ፣ የፍሬሙን ወጪ ጨምሩ። እንዲህ ሲሆን ሁለት እኩል ሥዕሎች ለምን ዋጋቸው እንደተለያየ መልስ ከማጣት ትድናላችሁ። ጋለሪ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 በመቶ ስለሚወስድ ዋጋው ያንን ችሎ እናንተንም የሚያኖር ይሁን፤ በጋለሪ የተሰቀለውን ሥራ ከስቱዲዮ በቅናሽ መሸጥ ደግሞ እምነት ማፍረስ ነው። የሥዕሎቹን ዝርዝር፣ ድርሻውን፣ ክፍያው የሚፈጸምበትን ቀን፣ ሥዕል ቢጎዳ ማን እንደሚከፍል ጽፋችሁ ተፈራረሙ፤ ወዳጅም ቢሆን። ቀብድ ሳይከፈል «ተሽጧል» የሚል ምልክት አይለጠፍ። ሥዕል መሸጥ ደግሞ የማባዛት መብትን መሸጥ አይደለም፤ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ያ መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ስምምነት ነው። ስለዚህ ሥዕላችሁን ካላንደር ላይ ማተም የሚፈልግ ገዢ ለብቻው ይነጋገር።

በመክፈቻው ዕለት «ይሄ ምን ማለት ነው?» ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። ትርጉም ለመስጠት አትቸኩሉ። ምን እንዳያችሁ ንገሩ፤ የጥቅምት ሣር ጠዋት ምን ዓይነት ቢጫ እንደነበረ፣ ያንን ለማግኘት የትኛውን ቀለም ከየትኛው እንደደባለቃችሁ። ሰው ወደ ሥዕሉ ጠጋ ይላል፣ ጥያቄውም ይለወጣል። የእንግዳ መዝገብ ላይ ስልክ እንዲጽፉ ጠይቁ፤ የገዢው ስልክ ያስፈልጋችኋል፣ ሥራው ገና አላለቀምና።

ያልጨረሳችሁት ቫርኒሽ ነው። የዘይት ሥዕል ለመጨረሻ ቫርኒሽ እንደ ውፍረቱ ከ6 ወር እስከ ዓመት መቆየት አለበት፤ ለኤግዚቢሽን የሚቀባው ስሱ ጊዜያዊ ቫርኒሽ ብቻ ነው። ከጥር 6 ወር ስትቆጥሩ ሐምሌ ላይ ትወድቃላችሁ። በክረምት አትቀቡ፤ እርጥበት ሲገባበት ነጭ ጉም ያወጣል። ቀጠሮውን ከጥቅምት በኋላ አድርጉና የሽያጭ ወረቀቱ ላይ ጻፉት። በቀጠሮው ቀን ጥግ ላይ ያለ ቦታ በማቅጠኛ በተነከረ ጥጥ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ፤ ጥጡ ቀለም ከያዘ ተመልሳችሁ ሌላ ወር ጠብቁ። ንጹሕ ከወጣ ሥዕሉን አስተኝታችሁ፣ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አንሥታችሁ፣ በሰፊ ብሩሽ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው በስሱ ቀቡት፤ የሄዳችሁበትን አትድገሙት። ለአንድ ቀን አቧራ በማይደርስበት ክፍል ተኝቶ ይቆይ፤ በማግሥቱ ገዢው ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው ይችላል።